ከአገልግሎት ሰጪነት ወደ ባለቤትነት፦ የወሎ ፊልም ሠሪዎችና ዓለም አቀፍ የጋራ ፕሮዳክሽን፣ ከቦሩ ሜዳ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደቡብ ወሎ የሚገኙ ሀገር በቀል የፊልም ፕሮዲውሰሮች ከውጭ ሀገር አጋሮች ጋር የጋራ ፕሮዳክሽን ለመሥራት ሲነሡ የሚያሻቸውን ድጋፍ መመርመር ነው። ማሳያ ሆና የተመረጠችው ቦሩ ሜዳ ናት። ጽሑፉ ለሕዝብ የታወቁ የኢትዮጵያ ፊልሞችን ልምድ በማነጻጸር፣ የፕሮዲውሰሩ የባለቤትነት ድርሻ በዋነኛነት የሚወሰነው የውጭ አጋር ከመገኘቱ በፊት በሚሠራው የዝግጅት ሥራ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። በመሆኑም ድጋፉ ፕሮዲውሰሩን ከውጭ ገንዘብ ጋር ከማገናኘት አስቀድሞ በመብት ሰነድ፣ በበጀት ስሌትና በማኅበረሰብ ፈቃድ ላይ ቢያተኩር የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ የጋራ ፕሮዳክሽን፣ ፕሮዲውሰር፣ የመብት ሰንሰለት፣ ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ

1. መግቢያ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት የምትገኝ ስፍራ ናት። በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የሚነሣው በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት፣ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ከተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ነው። ለአካባቢው ነዋሪ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ በውጭ ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ሲሆን ከጊዜ በኋላ ጠቅላላ ሕክምና የሚሰጥ ተቋም ሆኗል። ጉባኤውም ሆነ ሆስፒታሉ ከወሎ አልፈው ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኝ ክር ያላቸው፣ ለፊልም የሚበቁ ታሪኮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ወሎን ለዓለም ያስተዋወቁት ምስሎች ከወሎ ሰው እጅ የወጡ አልነበሩም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው የወሎ ረኀብ ዘጋቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አናወጠ።

እነዚህ ምስሎች ለተራቡ ሰዎች እርዳታ አስገኝተዋል፤ ውለታቸው የሚካድ አይደለም። ለፊልም ጥናት ግን ሌላ ጥያቄ ትተው አልፈዋል። ዛሬ ስለ ወላጆቹ ዘመን ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ የደሴ ወጣት፣ የገዛ ወገኖቹን ፊት ለማሳየት ከባሕር ማዶ የመዝገብ ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ቀረጻው በወሎ ምድር ቢካሄድም መብቱ በወሎ አልቀረም። የጋራ ፕሮዳክሽን ጉዳይ ከገንዘብ ጥያቄነት አልፎ የባለቤትነት ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

2. አገልግሎት መስጠትና ባለድርሻ መሆን

የውጭ የፊልም ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከሀገር ውስጥ ኩባንያ ጋር የሚገባው ግንኙነት ከሁለት አንዱን መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው የአገልግሎት ውል ነው። የሀገር ውስጡ ኩባንያ ፈቃድ ያወጣል፤ መኪና፣ ማረፊያና ተዋናይ ያዘጋጃል፤ አስተርጓሚ ይቀጥራል፤ ለዚህም የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል። ቀረጻው ሲያልቅ ግንኙነቱም ያልቃል። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ቢሸጥ ለዚህ ኩባንያ የሚደርሰው ነገር የለም።

ሁለተኛው የጋራ ፕሮዳክሽን ነው። በዚህኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ገንዘብ፣ ሙያና ንብረት አዋጥተው አንድ ፊልም ይሠራሉ። በፊልሙ የቅጂ መብት፣ በገቢው እንዲሁም በወሳኝ የፈጠራ ውሳኔዎች ላይ ድርሻ ይኖራቸዋል። ድርሻው በአብዛኛው የሚሰላው በመዋጮው ልክ ነው። የሽያጭ ክልልም ይከፋፈላል፤ ለምሳሌ የጀርመኑ አጋር ጀርመንኛ ተናጋሪ ሀገሮችን፣ የኢትዮጵያው ኢትዮጵያንና አጎራባች ሀገሮችን ሊይዝ ይችላል።

የጋራ ፕሮዳክሽን ሲባል ደግሞ በመንግሥታት ስምምነት የሚሠራውንና በኩባንያዎች ውል ብቻ የሚሠራውን መለየት ያስፈልጋል። በመንግሥታት ስምምነት የሚሠራ ፊልም በሁለቱም ሀገሮች እንደ ሀገር ውስጥ ፊልም ይቆጠራል፤ በሁለቱም የሕዝብ ድጎማ ለማግኘት ብቁ ሊሆን ይችላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ከካናዳ ጋር የተፈራረመችውን ጨምሮ ከበርካታ ሀገሮች ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት። በኩባንያዎች ውል የሚሠራው ፊልም ግን ለደቡቡ ዓለም ሲኒማ በተቋቋሙ ፈንዶች ሊደገፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከበርሊን ፌስቲቫል ጋር ተያይዞ የተመሠረተው የዓለም ሲኒማ ፈንድ፣ በ2011 የተጀመረው የኖርዌይ ሶርፎንድ እንዲሁም ከ2012 ጀምሮ በፈረንሳይ ብሔራዊ የሲኒማ ማእከል ሥር የሚገኘው የዓለም ሲኒማዎች ድጋፍ ከእነዚህ ውስጥ ይመደባሉ።

እነዚህ ፈንዶች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፤ በየሀገራቸው የሚገኝ አጋር ኩባንያ እንዲኖር ይፈልጋሉ። በመሆኑም ኢትዮጵያዊው ፕሮዲውሰር አስቀድሞ የሚያሳምነው ፈንዱን ሳይሆን አጋሩን ነው። የአጋሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ ስለ ፊልሙ ውበት ብቻ አይደለም፤ «የዚህ ታሪክ መብት በማን እጅ ነው?» የሚል ነው።

3. ከተሠሩት ፊልሞች የሚገኝ ትምህርት

የኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ ቀዳሚ ማስረጃ ይሆናሉ። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ከተጠናቀቀ በኋላ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም ነበር። ኃይሌና ባልደረባው ሽሪኪያና አይና ፊልሙን በራሳቸው ኩባንያ ይዘው፣ አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። መብቱ በእጃቸው በመቆየቱ፣ ፊልሙ ታድሶ በ2021 በኔትፍሊክስ በኩል ለዓለም ሲቀርብ የሃያ ስምንት ዓመት ሥራ ፍሬው ለባለቤቱ ተመለሰ። በ1993 ያለ አከፋፋይ መቅረት እንደ ውድቀት ሊታይ ይችል ነበር፤ መብትን ይዞ መቆየት ግን የኋላ ኋላ ዋጋው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

«ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ከዐሥር ዓመት በላይ የፈጀው ይህ ፊልም ከጀርመን አጋር ጋር ተሠርቶ፣ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተሸለመ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የጀርመኑ አጋርነት ከታሪኩ የመነጨ መሆኑ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር የተማረው በጀርመን ነው፤ የፊልሙ ክፍልም እዚያው ይፈጸማል። አጋሩ የተጠራው በታሪኩ በመሆኑ፣ አጋርን ለማስደሰት ሲባል ታሪኩን መለጠጥ አላስፈለገም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» ክፍል ሲቀርብ፣ በካን ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። አጋሮቹ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የኖርዌይ ኩባንያዎች ነበሩ። ታሪኩ ግን ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር የሚፈጸም፣ በአማርኛ የሚነገር ነው። ያሬድና ፕሮዲውሰሯ አማ አምፓዱ አስቀድመው የራሳቸውን ኩባንያ መሥርተው ስለነበር ወደ አጋሮቹ የቀረቡት እንደ ቅጥር ባለሙያ ሳይሆን እንደ ፊልሙ ባለቤት ነው። ይዘቱም ከዚህ ጥናት መነሻ ጋር የሚገናኝ ነው። የፊልሙ ሕፃን እናቱን ያጣው በድርቅ ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ድርቁን ትቶ ልጁን፣ በጉንና የልጁን የምግብ ማብሰል ፍቅር ይከተላል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከታዩት ምስሎች የሚለየውም በዚህ ነው፤ የተጎዳው ሰው ስምና ምኞት አለው።

የዓለምወርቅ ዳቪዲያን «የበለስ ዛፍ» (2018 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የተገላቢጦሹን ሁኔታ ያሳያል። የእስራኤል፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የጋራ ሥራ የሆነው ይህ ፊልም የሚተርከው በደርግ ዘመን መጨረሻ ስለ ነበረችው አዲስ አበባ ነው፤ ዳይሬክተሯም ከዚሁ ሕይወት የወጣች ናት። ፕሮጀክቱ የተነሣው ግን ከእስራኤል ነው። የታሪኩ ሀገር መሆን የፊልሙ ዋና ባለድርሻ ለመሆን ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮጀክቱን ጠንስሶ በሰነድ የያዘው ወገን ቀዳሚነቱን ይወስዳል።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ የምርቃት ዝግጅቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ። ክርክሩ የተነሣው ታሪኩ መሠረት ያደረገው እውነተኛ ሕይወት ካስከተለው የመብት ጥያቄ ነው። የክርክሩን ይዘት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለፕሮዲውሰሮች የሚተርፈው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተመሠረተ ፊልም በዓለም መድረክ ከታየ በኋላ የሚነሣ የመብት ጥያቄ፣ ከቀረጻ በፊት ከሚነሣው ይልቅ ለሁሉም ወገን ይከብዳል።

4. የምንዛሪ ስሌትና የድርሻ መሸርሸር

በጋራ ፕሮዳክሽን ውል ውስጥ ጎልቶ የማይታይ፣ ነገር ግን የሀገር ውስጡን ወገን በእጅጉ የሚነካ ጉዳይ የምንዛሪ ተመን ነው። ኢትዮጵያዊው አጋር በአብዛኛው የሚያዋጣው በብር ወይም በዐይነት ነው። የቀረጻ ቦታ፣ የቤት እንስሳት፣ አልባሳት፣ የሰው ኃይል፣ የጥናት ሥራና የማኅበረሰቡን አመኔታ ያዋጣል። የውጭው አጋር የሚያዋጣው በዩሮ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የውጭ አጋሮች 300,000 ዩሮ፣ ኢትዮጵያዊው ኩባንያ 6,000,000 ብር የሚያወጣ ሥራና ንብረት አዋጡ እንበል። አንድ ዩሮ 60 ብር ቢሆን የኢትዮጵያው መዋጮ 100,000 ዩሮ ይሆናል፤ ከጠቅላላው 400,000 ዩሮ 25 በመቶ ማለት ነው። ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ተመኑ 120 ብር ቢደርስ ያው መዋጮ 50,000 ዩሮ ብቻ ይሆናል፤ ድርሻውም ወደ 14 በመቶ ግድም ይወርዳል። የተሰጠው ቦታ አልጠበበም፣ የደከመው ሰው አልቀነሰም፤ የተለወጠው ተመኑ ብቻ ነው። በአንጻሩ የውጭው አጋር በያዘው ዩሮ በኢትዮጵያ ውስጥ ከቀድሞው የበለጠ መግዛት ይችላል።

ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ቢሆኑም ሁኔታው ከእውነታ የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ብር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ የዋጋ ቅናሽ አሳይቷል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች መኖር አለባቸው። አንደኛ፣ የድርሻ ስሌቱ ውሉ በተፈረመበት ቀን ተመን እንዲጸና መስማማት፤ ሁለተኛ፣ በዐይነት የሚሰጠውን መዋጮ ከመነሻው በዝርዝር ዘርዝሮና ገምቶ ማስፈር። ዋጋው ያልተጻፈ መዋጮ እንደ መስተንግዶ ይቆጠራል፤ መስተንግዶ ደግሞ ድርሻ አያስገኝም።

5. ቦሩ ሜዳ እንደ ማሳያ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች በቦሩ ሜዳ ታሪኮች ላይ ሲፈተሹ የዝግጅት ሥራው ምን እንደሚመስል ይበልጥ ይታያል።

የ1870ው ጉባኤ በአንድ በኩል በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የልደት ክርክር የዘጋ ነው። በሌላ በኩል የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ የወጣው ዐዋጅ የተከተለው ነው። መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት በዚህ ሂደት ነው፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉ ሊቃውንት ደግሞ ተቃውሞውን መርተዋል። ይህን ታሪክ ከአንድ ወገን ብቻ መተረክ የሌላውን ወገን ትዝታ መሰረዝ ይሆናል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተ ዘመድ በሚኖሩባት ወሎ፣ ጉዳዩ በየቤቱ የሚኖር እንጂ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም።

የውጭ አጋር ግን ለራሱ ተመልካች እንዲቀልለት ነገሩን ወደ ሁለት ጎራ ጠብ ሊያሳጥረው ይችላል። ይህን የሚከላከለው በቀረጻ ቦታ የሚነሣ ሙግት አይደለም። አስቀድሞ ከደብተራውም ከሼሁም ተሰብስቦ በጽሑፍ የዳበረ ጥናት፣ እንዲሁም በፊልሙ ጽሑፍና በመጨረሻው ቅንብር ላይ የሀገር ውስጡ ፕሮዲውሰር ያለውን ድምፅ የሚያጸና የውል አንቀጽ ነው። ቃለ መጠይቁን የሰበሰበ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ የያዘ፣ ጽሑፉን ያዘጋጀ ፕሮዲውሰር ያለ እርሱ ፊልሙ የማይሠራ ሰው ይሆናል።

የሆስፒታሉ ታሪክ ሌላ ዐይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተቋሙ መሥራቾች ከውጭ የመጡ በመሆናቸው፣ እንደ «ጤዛ» ሁሉ አጋርነቱ ከታሪኩ ሊመነጭ ይችላል፤ የሚሲዮናውያን ደብዳቤና ፎቶግራፍ ፍለጋ ራሱ የጋራ ሥራ መነሻ ይሆናል። ይሁንና በእንዲህ ዐይነት መዝገብ ውስጥ የሕሙማን ፊት ቢገኝ፣ የፎቶግራፉ ባለቤትና የፊቱ ባለቤት የተለያዩ መሆናቸው አይዘነጋም። ሥጋ ደዌ ለረጅም ዘመን ሰውን ከወገኑ የለየ ሕመም ነው። የሕሙማኑ ልጆችና የልጅ ልጆች ያልተስማሙበት ምስል፣ የመዝገቡ ባለቤት ቢፈቅድም፣ በቦሩ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ማግለል ይሆናል።

ከዚህ ሌላ የስጋት ጉዳይ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ክፉኛ የተጎዱ ከተሞች ናቸው። የውጭ አጋሮችና መድን ሰጪዎች የጸጥታ ስጋት ያለበትን አካባቢ ሲያስቡ ቀረጻውን ወደ ሌላ ቦታ፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ሀገር ለማዛወር ይፈልጋሉ። ቀረጻው ሲዛወር በዐይነት የተመዘገበው የአካባቢው መዋጮም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀረጻ ቢዛወር የሀገር ውስጡ ድርሻ ምን እንደሚሆን በውሉ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

6. የድጋፍ አቅጣጫዎች

ከዚህ ትንተና በመነሣት አራት የድጋፍ አቅጣጫዎችን መጠቆም ይቻላል።

የመጀመሪያው የሕግ ድጋፍ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኦዲዮቪዥዋል ሥራን የሚጠብቅ ሕግ ቢሆንም፣ ከአዋጁ እስከ ፕሮዲውሰሩ ጠረጴዛ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ነጻ የሕግ አገልግሎት ውስጥ የፊልም ውሎችን ቢያካትት፣ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል የሕይወት ታሪክ ፈቃድን፣ የጸሐፊና የዳይሬክተር ውልን እንዲሁም የጋራ ፕሮዳክሽን ስምምነትን በአማርኛ ናሙና ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የሚደርስ ነው።

ሁለተኛው ለዝግጅት ምዕራፍ የሚውል አነስተኛ ገንዘብ ነው። ለቀረጻ የሚበቃ ሀብት በአካባቢው ላይገኝ ይችላል፤ ለጥቂት ወራት ጥናት፣ ለጽሑፍ ሥራና ለትርጉም የሚበቃውን ግን ከከተማ አስተዳደር፣ ከዩኒቨርሲቲና ከአካባቢው ባለሀብቶች ማሰባሰብ ይቻላል። ይህ ገንዘብ ከመጨረሻው በጀት ጥቂቱ ቢሆንም ፕሮጀክቱን ለጀማሪው ወገን ያጸናል።

ሦስተኛው ሥልጠናና ግንኙነት ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የደርባን የፊልም ገበያና በናንት የሚዘጋጀው «ፕሮዲዊር ኦ ሱድ» ፕሮዲውሰሮችን በፕሮጀክታቸው ላይ እያሠሩ ከአጋር ጋር የሚያገናኙ መድረኮች ናቸው። አጭር ፊልምም የመግቢያ በር ነው፤ የቤዛ ኃይሉ ለማ «አልዓዛር» እ.ኤ.አ. በ2024 በካን የሃያስያን ሳምንት መመረጡ ይህን ያሳያል። ወደ ገበያ የሚላከው ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ያለፈ መሆን አለበት። ሰነድ ሳይዝ የሚሄድ ፕሮዲውሰር ሐሳቡን አሳይቶ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

አራተኛው የፖሊሲ ጉዳይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀው የፊልም ፖሊሲ ለዘርፉ ሀገራዊ መሠረት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዩኔስኮ የ2005 የባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነት ስምምነትም በአንቀጽ 12 የጋራ ፕሮዳክሽን ውሎችን ያበረታታል፤ በአንቀጽ 16 ያደጉ ሀገሮች በማደግ ላይ ላሉ ሀገሮች የባህል ባለሙያዎችና ሥራዎች ልዩ አያያዝ እንዲያደርጉ ያስገነዝባል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሀገሮች ጋር የሚደረግ የጋራ ፕሮዳክሽን ስምምነት በዚህ መሠረት ሊጠየቅ የሚችል ነው። ስምምነቱ ሲዘጋጅ ግን በዐይነት የሚደረግ መዋጮ እንዴት እንደሚገመት መግለጽ ይኖርበታል። አለበለዚያ ስምምነቱ በጥሬ ገንዘብ የበለጸገውን ወገን ብቻ ይጠቅማል።

እነዚህ አቅጣጫዎች አንድ ተቃውሞ ሊገጥማቸው ይችላል። ይህን ሁሉ ሰነድ መጠየቅ ገና ያልቆመውን የአካባቢ ፊልም ሥራ ያደናቅፋል፣ ለውጭ አጋርም መሰላቸት ይሆናል ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ለሀገር ውስጥ ገበያ ብቻ ለሚሠራ አነስተኛ ፊልም ሸክሙ ሊበዛ ይችላል። ለዓለም አቀፍ የጋራ ፕሮዳክሽን ግን ሰነዱ አይቀሬ ነው። ፕሮዲውሰሩ ካላዘጋጀው አጋሩ ያዘጋጀዋል፤ ያዘጋጀው ወገንም ለራሱ በሚመች ቃል ይጽፈዋል።

7. ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ ፊልሞች ከውጭ አጋሮች ጋር ተሠርተው በቬኒስ፣ በካን፣ በበርሊንና በዋጋዱጉ መታየታቸው፣ የታሪክም ሆነ የችሎታ እጥረት አለመኖሩን ያረጋግጣል። የልምዶቹ ንጽጽር የሚያሳየው ልዩነት በዝግጅቱ ላይ ነው። መብትን ይዞ መቆየት በ«ሳንኮፋ»፣ ከታሪኩ የመነጨ አጋርነት በ«ጤዛ»፣ አስቀድሞ የተመሠረተ ኩባንያ በ«ላምብ» የየራሳቸውን ፍሬ አስገኝተዋል፤ «የበለስ ዛፍ» ቀድሞ የጠነሰሰ ወገን ያለውን ብልጫ፣ «ድፍረት» ደግሞ የሕይወት ታሪክ መብትን ክብደት አስገንዝበዋል።

ለቦሩ ሜዳና ለመላው ደቡብ ወሎ ጉዳዩ የሚመለከተው ወደፊት የሚሠራውን ፊልም ብቻ አይደለም። ከአምሳ ዓመት በፊት የተቀረጸው የወሎ ሰው ፊት ዛሬም በሌላ ሀገር መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የሚፈረም ውል ከአምሳ ዓመት በኋላ የቦሩ ሜዳ ልጆች የአያቶቻቸውን ምስል ለማየት ማንን እንደሚያስፈቅዱ የሚወስን ነው። ለሀገር በቀል ፕሮዲውሰሮች የሚደረገው ድጋፍም በዚህ መለኪያ ቢመዘን ተገቢ ይሆናል።